ሽኝት እንደ ስፖርት፦ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የተገኘ ማስረጃ

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። ከተሜው ለዚህ ሲል ጂም ይመዘገባል፤ በሁለተኛው ሳምንት ይጠፋል። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ላይ ግን ኮታው በኮንጎ ጫማና በጋቢ ይሞላል፤ እንግዳ በመሸኘት። ሽኝት የደጃፍ፣ የወንዝና የመልስ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። የደጃፉ ቶሎ ቢሄድ ለሚወደድ እንግዳ ነው፤ የወንዙም ስሙ ይበቃዋል። ምርምር የሚሻው የመልሱ ነው። ወንዙ ጋ ሲደረስ ተሸኚው «በሉ እንግዲህ ይመለሱ» ይላል። ሸኚው «ኧረ እችን ዳገት እንኳ አብረን እንውጣት» ይላል። ዳገቱ ላይ ስንብት ይደረጋል፤ ዋናው ጉዳይ የሚነሳው ከስንብቱ በኋላ ነው። ግማሽ ቀን ቤት ተቀምጠው ያልተነካው የወሰን ክርክር አሁን ትዝ ይላል። እዚህ ላይ ቁሞሽ ይጀመራል። አንደኛው ቁሞሽ በሁለት እግር ነው፤ ሁለተኛው ዱላ ተደግፎ በአንድ እግር ነው፤ ሦስተኛው ድንጋይ ላይ መቀመጥ ስለሆነ በጥብቅ አነጋገር ቁሞሽ አይባልም። ክርክሩ ሳያልቅ ይመሻል። ተሸኚው «ብቻዎንማ አይሄዱም፣ ጅብ አለ» ብሎ ሸኚውን ሊሸኝ ይነሳል፤ መንገዱ እንደገና አንድ ይባላል። (እራት አቅርባ የምትጠብቀው ባለቤት ስለ ግኝቱ የተለየ አቋም ሊኖራት ይችላል።)

«ወሬ እያወሩ መሄድ ምኑ ስፖርት ነው?» የሚል አይጠፋም። የጤና ባለሙያዎች መለኪያ ግን ራሱ ወሬ ነው፤ እየተንቀሳቀሰ ማውራት የሚችል፣ መዝፈን ግን የሚያቅተው ሰው መካከለኛ እንቅስቃሴ ላይ ነው ይላሉ። የጋይንቷ ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ በዚያ ዳገት ሸኚ ሲዘፍን አይሰማም፣ ዝም ሲልም አይታይም። «ሰው የሚሸኘው ለይሉኝታ እንጂ ለጤና አይደለም» የሚለው ተቃውሞ ደግሞ እውነት ነው፤ የሽኝት ብርታትም እዚያው ላይ ነው። ከጂም የቀረ ገንዘቡን ነው የሚያጣው፤ እንግዳውን ከደጅ የመለሰ ግን በመንደሩ ይታማል። እየታማ ስፖርት የሚያቋርጥ የለም። መውደዱም ይከተላል፤ ስፖርት እየሠራ መሆኑን የሚያውቅ ሸኚ ስለሌለ የሚጠላበት ምክንያት የለም።

ባጃጅ ከመጣ ወዲህ አራተኛ የሽኝት ዓይነት መጨመር ነበረበት። ሸኚው የባጃጁን ብረት ይዞ ወሬውን ይቀጥላል፤ ሾፌሩ ጡሩንባ ይነፋል፤ ባጃጁ ይነሳል፤ ሸኚው ወሬውን ሳያቋርጥ ጥቂት አብሮ ይሮጣል። ይህ ከሩጫ ይመደብ ወይስ ከሽኝት የሚለውን ለአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ትተናል።