እንጀራ የማይበላው ዳኛ

የጉና ሰዎች ሆይ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ! ከእንግዲህ ለብድር ብሎ ጋቢ አደግድጎ የሰው ደጅ መጥናት ቀረ። ሰው ያዳላል፣ ሰው ይዘመዳል፣ ሰው ሁለት ጣሳ ጠላ ከቀመሰ በኋላ ቃሉን ያጥፋል። አሁን የመጣልን ዳኛ ግን እንጀራ አይበላም፣ አረቄ አይቀምስም፣ አማችም የለው። ስልክ ውስጥ ቁጭ ብሎ ዓይኑን ሳይጨፍን ይፈርዳል።

ነገሩ የመጣው ደረጃ በደረጃ ነው። ግንቦት 2013 ቴሌብር ገንዘብ መላላኪያ ሆኖ ተጀመረ፤ በ2014 ማብቂያ ደግሞ ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ» የሚባል ብድር ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ተከተሉ። መያዣ አያሻም፤ ዋስህ ስልክህ ነው።

አክስቴም ከነዚህ አበዳሪዎች አንዱን ሞከረች። ከጉና ተራራ ግርጌ ድንች እያወረደች ደብረ ታቦር የምትሸጥ ሴት ናት፤ ለዘር መግዣ 3 ሺህ ብር ጎደላት። ስልኳ ባለቁልፍ ነው፣ ክዳኑ እንዳይወልቅ በላስቲክ የታሰረ። ሰው ስትፈልግ ሚስኮል አድርጋ ትዘጋለች፤ የፈለጋት ይደውልላታል። ዳኛው ፈረደ፦ «ለዚህ አገልግሎት ብቁ አይደሉም።» ለምን? እሱ አይነገርም።

«ኧረ ምን በድዬው ነው?» አለችኝ።

«ሚስኮል አብዝተሻል» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

የእቁቧ ዳኛማ ኋላ ቀር ሰው ነው። መረጃው ሁሉ ያልተረጋገጠ! ድንቹን ውርጭ በመታው ዓመት በጓን ሸጣ እቁቧን ሳታጓድል እንደጣለች ያውቃል፤ የተጻፈበት ወረቀት ግን የለውም። ለባሏ ተዝካር ተበድራ በጊዜው እንደከፈለችም ያውቃል፤ ይህንንም በወሬ። እንዲህ ያለ ሰው በገንዘብ ነገር ይታመናል? (እቁብ በልቶ የጠፋ የለም አልልም። ግን የጠፋው ሰው የእናቱ ቤት የት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።)

በ2015 ማብቂያ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ሲቆይ፣ በመተግበሪያ ለሚጠይቁት የስልኩ ዳኛ ችሎት ላይ አልተገኘም። እቁቡ ግን በቀኑ ይሰበሰብ ነበር፤ ኔትወርኩ አጥር ለአጥር ነውና።

ከዚያ መጋቢት 6 ለ7 ሌሊት፣ 2016 ዓ.ም. መጣ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓቱን ሲያሻሽል ችግር ተፈጠረና ማሽኑ ሒሳብ ላይ የሌለ ገንዘብ ጭምር ይከፍል፣ ያስተላልፍ ጀመር። የስልኩ ዳኛ ወንድም የሆነው ይህ ማሽንም በእርግጥ አላዳላም፦ የጠየቀውን ሁሉ አመነ። በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን። ባንኩ ጎደለኝ ያለው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው።

ገንዘቡን ለማስመለስ ታዲያ ምን ዓይነት ረቂቅ ቀመር ወጣ? ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን «እባካችሁ መልሱ» አሉ። ባንኩም ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ ለጠፈ። ይሉኝታ! የጎረቤት ዓይን! አክስቴ እቁብ ስትገባ በነፃ ያስያዘችው ዋስትና ይኸው ነበር።

ዘሩን በስተኋላ ገዛች። የእቁቡ ዕጣ የወጣለት ጎረቤቷ ተራውን ለቀቀላት፣ ሁለት ሴቶች ዋስ ሆኑ፣ ጉዳዩ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ አለቀ።

በኋላ የተለጠፉትን ፎቶዎች በስልኬ አሳየኋት። አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ልጅ እግር ናቸው።

«እነዚህ ደግሞ ምን ያጠፉ ናቸው?»

«ማሽኑ ያመናቸው ናቸው» አልኳት።