በዝናብ አገር ውሃ ፍለጋ

ኧረ ጎበዝ! በዚህ ዕድሜዬ ዶማ ያስጨበጠኝ ምን ዓይነት ዘመን ነው? ያውም ለውሃ! ሌላው አገር ሰማዩ ጨክኖበት ውሃ ቢቆፍር አይፈረድበትም። እኛ ግን ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ (ሚዛን አማን በል ትሉኛላችሁ፤ አፌ አልለመደውም) የዓመቱን አብዛኛውን ወር ዝናብ የሚደበድበን፣ ያጠብነው ልብስ ሳይደርቅ የሚሻግትብን ሰዎች ነን። ወደ ባሮና አኮቦ የሚወርዱት ወንዞች ከእኛው ጫካ ይነሳሉ። የሸካን ደን እንኳ ዩኔስኮ በ2004 መዝግቦታል። ይህን ሁሉ ውሃ ታቅፈን ልጆቻችን ሆዳቸውን ይዘው ያድራሉ።

ውሃውማ ሞልቷል፤ የጠፋው ንጹሑ ነው። የምንጩን ዓይን ከብት ይረግጠዋል። ከበላዩ አንዱ ብልህ መጸዳጃ ቆፍሯል። ዝናብ ሲጥል ሁሉም ተያይዞ ቁልቁል ይወርዳል። ቡና ሲደርስ ደግሞ የእሸት ቡና መፈልፈያው እጣቢ ወንዙን ይቀላቀላል፤ ሽታው አፍንጫ ያስይዛል። ቡናውን አጥበን ለዓለም እንልካለን፤ የታጠበበትን እኛ እንጠጣለን።

ክረምት ሲገባ ለበጎ ፈቃድ ሥራ የወጡ ተማሪዎች አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው መጡ። «ጋሼ፣ ምንጭ ልናጎለብት ስለሆነ እርስዎም ይምጡ» አሉኝ። እምቢ ብል ሰነፍ ሊሉኝ ነው፤ ሄድኩ። መኪና ከመንገድ አላልፍም ስላለ ሲሚንቶውም ጠጠሩም በሰው ጀርባ ወጣ። የዚህ አገር ቀይ ጭቃ ሽማግሌ አያከብርም፤ ሁለቴ በቂጤ አስቀመጠኝ። የእኔን እጥፍ የተሸከመች የመንደሩ ሴት «አባባ፣ እርስዎ ቁጭ ብለው ይምከሩን» አለችኝ። ምክሬን ፈልጋ እንዳይመስላችሁ፤ መንገድ ዘግቼባት ነው።

ምንጩን እስከ ዓይኑ ተከትለን ቆፈርን። በድንጋይና በሲሚንቶ ገነባንለት፤ ከኋላው ጠጠር ሞላን፣ ከላይ ጭቃ ጠቀጠቅን። ጎርፍ እንዳይገባው ከበላዩ ቦይ አወጣን፤ ከዚያ ቧንቧውን እስከ ቦኖው ዘረጋን። ለእረፍት ጨሞ ቀረበ፤ በቅመም የተፈላው የቡና ቅጠል። ከከተማ የመጣው ልጅ ቀመሰና «ማኪያቶ የለም?» አለ። ዝም አልኩት፤ ዶማ በእጄ ነበር።

ቁፋሮስ ያልፋል፤ በደቦ እየተዘፈነ ስለሚሠራ ሰው አይጠፋም። ጣጣው የሚመጣው ሪባኑ ተቆርጦ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ሁሉም ከተበተነ በኋላ ነው። የቧንቧው ጎማ ያልቃል፤ ያቺን ትንሽ ጎማ የሚገዛ ግን የለም። ወርኃዊ መዋጮ ሲጠየቅ፣ ሲዘፍን የዋለው ሁሉ «ውሃ እኮ የእግዜር ነው» ይላል። የእግዜርማ ነው፤ ቧንቧው ግን የፋብሪካ ነው!

ደግሞ የውሃ ኮሚቴው! ግማሹ ሴት ይሁን ይላል መመሪያው፤ ደግ ብሏል። ታዲያ ወንዶቹ ሊቀመንበርነቱን ይዘው ማኅተም ያሳድዳሉ፤ አጥር የሚያጥሩት፣ ወረፋ የሚያስከብሩት ሴቶቹ ናቸው። እኔ የምለው፣ ጀሪካን ተሸክሞ የማያውቅ ሰው የቦኖ ሊቀመንበር አይሁን።

መንግሥት ከ2008 ጀምሮ ለገጠሩ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ብሎ አቅዶ ነበር። ደግ ዕቅድ ነው። ያን 1 ኪሎ ሜትር የለኩት ግን በበጋ፣ ያለ ጀሪካን፣ ቁልቁል ሲወርዱ ይመስለኛል።

ለመጪው ክረምት የምትመጡ ልጆች፣ ቲሸርቱ ይቅርባችሁ። በእሱ ዋጋ የቧንቧ መፍቻና መለዋወጫ ጎማ ግዙና፣ ከመንደሩ ሴቶች ሁለቱን መጠገን አስተምራችሁ ሂዱ። እኔን አትጥሩኝ፤ ወገቤ ታሟል። ከጠራችሁኝም ቀደም ብላችሁ ንገሩኝ፤ ቦት ጫማዬን ላስጠግን።