ጢጥ ጢጥ እስኪነጋ

ኧረ ስለ እግዚአብሔር፣ ይህን ነገር ሃይ የሚል ሰው ይጥፋ? አዲስ አበባ ውስጥ ከባድ መኪና ቀን እንደልቡ ስለማይንቀሳቀስ አሸዋውም ጠጠሩም አርማታውም የሚገባው ማታ ነው። ይሁን፣ ግንባታው መቆም የለበትም። ግን ገልባጩ የኋላ ማርሽ ባስገባ ቁጥር የሚለቀው «ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ» ሰፈሩን እንቅልፍ ነሳው። እኛ ጋ ያለው ግንባታ በሩ ጠባብ ነው፤ ግቢው መዞሪያ ስለሌለው ሁሉም የሚገባው በኋላ ማርሽ ነው። አንዱ አራግፎ ሲወጣ ሌላው ይተካል። ጎረቤታችን አራስ ናት፤ ልጇን አስተኝታ ጎኗን ሳታሳርፍ ይጀምራል።

ጩኸቱ ጭራሽ ይቁም አይባልም። ከሲኖትራክ ጀርባ የቆመ ሰው ለሹፌሩ አይታየውም፤ ነፍስ ነው። የሚያንገበግበው፣ ቀን በሎደርና በጄኔሬተር መሃል የሚጮኸውን ያህል ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይም መጮኹ ነው።

የአካባቢውን ድምፅ እየሰማ ራሱን የሚያስተካክል አላርም እኮ ገበያ ላይ ከዋለ ዓመታት አልፈዋል! ማይክሮፎን አለው፤ ዙሪያውን ያዳምጥና ከአካባቢው ድምፅ ከ5 እስከ 10 ዴሲቤል ብቻ ከፍ ብሎ ይጮኻል። አንዱ ዓይነት ከ77 እስከ 97 ዴሲቤል ከፍ ዝቅ ይላል። ተራው ግን 107 ከተባለ ቀንም ሌትም 107 ነው። 40 ሜትር ርቆ መስኮታችን ሲደርስ እንኳ 77 ገደማ ይቀረዋል፤ በአገራችን የድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር በሌሊት የተቀመጠው ጣሪያ ደግሞ 45 ነው።

የሚያሳዝነው ጩኸቱ ሠራተኞቹንም መጥቀም ማቆሙ ነው። ባሬላ የተሸከሙት ልጆች ሌሊቱን ሙሉ ከመስማታቸው የተነሣ ዘወር ብለው አያዩም። መኪናውን የሚያስቆመው ረዳቱ ነው፤ የጎኑን ቆርቆሮ በመዳፉ እየደበደበ «ና! ና! በቃ!» ይላል። በአንድ ቃና የሚጮኽ አላርም ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ለጆሮ ያስቸግራል፣ በሕንፃ መሃል ሲያስተጋባማ ይብሳል። በሌላው አገር «ሽሽ» የሚል ድምፅ ያለውም አለ፤ አቅጣጫው ቶሎ ይለያል፣ ርቆም አይሄድም።

መኪናውን በሚሊዮን ብር የገዛ ባለንብረት ይህችን ዕቃ መቀየር አቅቶት አይደለም፤ የሚጠይቀው ስለሌለ ነው። ቦሎ ሲታደስ አላርሙም ይታይልን። እስከዚያው ተቋራጩ በሩን ያስፋና ግቢው ውስጥ መዞሪያ ያብጅ።