ስፖርትን በሦስት ቀን የመተው ሥርዐት

ዓመት ሙሉ ከወንበር ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ሲመላለስ የኖረ ሰው አንድ ቀን ሰውነቱን ለማጽናት ቆርጦ ቢነሣ፣ ያን መልካም ሐሳብ በሦስት ቀን ውስጥ እንዴት አድርጎ ሊቀብረው እንደሚችል ከዚህ ቀጥሎ እጽፋለሁ። የምጽፈውም ብዙ ወዳጆቼ በዚህ መንገድ ሲጠፉ አይቼ ስላዘንሁ፣ ጥፋቱን አስቀድሞ የተረዳ ሰው ምናልባት ይመለስ ይሆናል ብዬ ነው።

ከሁሉ በፊት ልክን መጥላት ያሻል። በመጀመሪያው ማለዳ ወደ መስቀል አደባባይ ይሂድና፣ ለዓመታት ዱብ ዱብ ሲሉ የኖሩ ጎልማሶች በዚያ ደረጃ ላይ የሚሠሩትን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ይሥራ። ይህም አልበቃ ካለው እንጦጦ ወጥቶ ቁልቁለቱን በሩጫ ይውረድ፤ ዳገት ትንፋሽን ያሳጥራል እንጂ ጡንቻን የሚያቈስለው ይልቁን ቁልቁለት ነውና፤ ሲወርዱ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ የሰውነትን ክብደት ለመግታት ስለሚታገል፣ ረቂቃኑ ክሮች የሚጎዱት ያን ጊዜ ነው።

በዚያው ቀን ምንም ስለማይሰማው ይመካ። ሕመሙ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ዘግይቶ ይጀምራል፤ የሚበረታውም ብዙ ጊዜ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። በዚህ ጊዜ የሕመሙን ምክንያት በስሕተት መተርጐም ይገባል፤ «ላክቲክ አሲድ በእግሬ ቀርቶ ነው» ይበል፤ ነገር ግን ያ አሲድ ከድካሙ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ከደም ይጠራል፤ ቴዎዶር ሀፍ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1902 ዓ.ም. እንዲህ ያለው የዘገየ ሕመም በጡንቻው ውስጥ ከሚደርስ መሰንጠቅ የሚመጣ መሆኑን ጽፎ ነበር።

ከዚህም የሚብሰው ስሕተት ቤተ ክርስቲያን ለሥጋችን ያስተማረችውን መርሳት ነው። በዕለተ ስቅለት ከማለዳ እስከ ሠርክ ሲሰግድ የዋለ ምእመን፣ በቀዳም ሥዑር ቄጠማውን በራሱ ላይ አስሮ ከደጀ ሰላሙ ሲወጣ ጉልበቱ እየከዳው ግድግዳ ተደግፎ ደረጃ ይወርዳል፤ ለመቀመጥም እንደ ሽማግሌ ወገቡን ይዞ ያቃስታል። ስግደትን የዘወትር ልማዱ ያደረገ መናኝ ግን እንደዚያ አይሰበርም። ልዩነቱ ቅድስና ብቻ አይደለም፤ ጡንቻ አንድ ጊዜ የተፈተነበትን ሥራ ይማራል፣ ከጥቂት ሳምንታትም በኋላ ያንኑ ሥራ ቢደግም ሕመሙ እጅግ ያንሳል። እኔ ይህን ነገር ከሥነ ፍጥረት ድንቆች አንዱ አድርጌ እቈጥረዋለሁ። ሥርዐታችንን የሚከተል ሰው ግን የመጀመሪያውን ሕመም እንደ ዘለዓለም ፍርድ ይቍጠረው፤ «ሰውነቴ ለዚህ አልተፈጠረም» ብሎም ይደምድም።

ቀጥሎ ከሁለቱ ጽንፎች አንዱን ይምረጥ፦ ወይ በቈሰለው ጡንቻ ላይ የትናንቱን ሸክም በእልህ ይድገም፣ ወይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይተኛ። ቀስ ብሎ በእግር መሄድ ሕመሙን ለጊዜው ስለሚያስታግሥ፣ ከዚያ ይራቅ።

እዚህ ላይ ግን የተገላቢጦሽ ምክሬን አቋርጬ በቀጥታ እናገራለሁ፤ ሕመሙ ከልክ አልፎ ጡንቻው ቢያብጥና ሽንት እንደ ሻይ ቢጠቍር፣ ኵላሊትን የሚጎዳ አደጋ ነውና ያለ መዘግየት ወደ ሐኪም መሄድ ግድ ነው።

የቀረው አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን ጧት ያ ሰው ሳያስበው ከአልጋው ተነሥቶ ደረጃውን ያለ ድጋፍ ሊወርድ፣ ጭኑም እንደ ትናንቱ እንዳልያዘው ሊያስተውል ይችላል፤ ስለዚህ ጫማውን በሦስተኛው ቀን ማታ ለሰው ይስጥ።