እንቅልፍ የማያሸንፈው ጀግና

ቅዳሜ ቀትር ላይ ዳላስ አጠገብ ባለችው ጋርላንድ ውስጥ ዘመድ የተሰበሰበበት ሳሎን የገባ ሰው ይህን ጀግና ያውቀዋል። ቴክሳስ ካለው የጦር ሰፈር ከፎርት ሁድ ፈቃድ ወጥቶ የመጣ ወታደር ነው። ገና ጫማውን ሳያወልቅ «ከ24 ሰዓት ተረኝነት እንደወጣሁ፣ ዓይኔን ሳልከድን፣ መንገዱ ሁለት ሰዓት ብቻ ፈጀብኝ!» ብሎ ድሉን ያበስራል። አጎቶቹ «አንተ አንበሳ!» ይላሉ። እናቱ እልልታውን ያቀልጡታል፤ ጉርሻ ይከተላል። ከጉርሻው በኋላ አንበሳው ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ያንኮራፋል። ይህንኑ መሪ ላይ አለማድረጉ ተመስገን ነው።

ልጁ ጨዋ ነው፤ መጠጥ አይቀምስም፣ ጠጥቶ የሚነዳንም አይወድም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ግን ደስታ አያውቅምና፣ 24 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው በደሙ ውስጥ 0.10 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይመሳሰላል ይላል። የቴክሳስ ሕግ ነጂን ሰከረ የሚለው ከ0.08 ጀምሮ ነው። እንግዲህ ጀግናችን ጠብታ ሳይቀምስ ሰክሯል ማለት ነው፤ ያውም በነጻ። ይህን የመሰለ ቁጠባ ማን ይንቃል?

ሠራዊቱም አልተኛም። ትሪፕስ የሚባል የኢንተርኔት ቅጽ አዘጋጅቶ ነበር፤ ግዴታነቱ በ2018 እስኪቀር ድረስ በመኪናው ፈቃድ የሚወጣ ወታደር ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ መቼ እንደሚነሳ፣ ቀበቶ እንደሚያስር ሞልቶ ለአለቃው ያቀርብ ነበር። በቅጹ መሠረት ከሆነ ከዚህ የበለጠ እንቅልፉን የጠገበ ሠራዊት በዓለም አልነበረም። ቅጹ ሲላክ ግን ሞተሩ ተነስቶ፣ ኢነርጂ ድሪንኩም ተከፍቶ ነበር።

ፎርት ሁድ ደጃፍ ካለችው ከኪሊን ጋርላንድ ከ150 ማይል በላይ ነው። በሁለት ሰዓት ለመጨረስ ቴምፕልንም ዌኮንም እንደሌሉ ቆጥሮ በአማካይ በሰዓት ከ75 ማይል በላይ መብረር ይጠይቃል። ሂልስቦሮ ላይ አይ-35 ለሁለት ይከፈላል፦ ምሥራቁ ወደ ዳላስ፣ ምዕራቡ ወደ ፎርት ወርዝ። ዓይኑን የከደነ ሰው ግን ሦስተኛ መንገድ አያጣም።

መንገዱ ደግሞ ማዕረግ አያይም። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2021 ማለዳ ፎርት ወርዝ ውስጥ አይ-35 ዌስት በረዶ ለብሶ ከ130 በላይ መኪኖች ተደራረቡ፤ 6 ሰዎች ሞቱ። ነቅተው የነዱትን ያልማረ መንገድ ያንቀላፋውን ይምራል ብሎ ለሚያስብ፣ እምነቱን ያጽናለት።

ወታደር በዓመት 30 ቀን ፈቃድ አለው። ከዚያ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ለእንቅልፍ መስጠት ግን እንደ ሽሽት ይቆጠራል!

ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም። «የት ደረስክ? ምግቡ ቀዘቀዘ እኮ!» እያልን ደጋግመን የምንደውለው እኛ ነን፤ ስልኩን የሚያነሳውም መሪ የያዘው እጅ ነው። ወጥ ቢቀዘቅዝ ይሞቃል። በሚቀጥለው ፈቃድ ልጃችሁ «መውጣቴ ነው» ብሎ ሲደውል «መጀመሪያ ተኛ፤ እሑድ ብትገባም እንጠብቅሃለን» በሉት።