«ዓይኔን ሳልከድን ነጋ»

ጡረታ የወጡ ሰው ጠዋት ደረጃ ላይ ስታገኙ «እንዴት አደሩ?» ማለት ተገቢ ነው፤ ግን ጊዜ ይዛችሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው አያልፉም። ከዘራቸውን ተክለው፣ የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ትከሻቸው መልሰው «ምን አድራለሁ ልጄ፣ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ እኮ!» ይላሉ። ዝርዝሩ ይከተላል። 6 ሰዓት ላይ የዘበኛው ውሻ ጮኸ። 7 ሰዓት ተኩል ላይ ከላይኛው ፎቅ አንድ ሰው ወንበር ጎተተ። 8 ሰዓት ላይ ሽንት ቤት ተኬደ። 9 ሰዓት ላይ ቧንቧው ተንኳኳ፤ ውሃ የመጣ መስሏቸው ተነሡ፤ ለካ አየር ነው። 10 ሰዓት ላይ ከቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያው ተከፈተ። «ከዚያ በኋላማ ማን ይተኛል?» ሰርቪሱ ሊያመልጠው የደረሰው ጠያቂ «አይዞዎት፣ ይሻልዎታል» ብሎ ይሮጣል።

ይህ ግን ልምምድ ነው። ዋናው ሪፖርት የሚቀርበው በኋላ፣ ከብሎካችን ፊት ካለችው የሲሚንቶ መደብ ላይ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ስለሚያርፍባት የግቢው ጡረተኞች ሁሉ እዚያ ይሰበሰባሉ። በመደቧ ሕግ እንቅልፍ ማጣት ማዕረግ ነው። አንዱ «ሦስት ሰዓት ብተኛ ነው» ሲሉ፣ ሌላው «ሦስት! አንተማ ታድለሃል» ይላሉ። ሦስተኛው «እኔ ጎኔን ለማሳረፍ ጋደም አልኩ እንጂ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም» ብለው ውድድሩን ይዘጋሉ። አንድ ቀን ከሌላ ብሎክ የመጡ አዛውንት፣ ደንቡን ሳያውቁ፣ «እኔስ ተመስገን፣ ለጥ ብዬ ተኝቼ አደርኩ» አሉ። መደቧ ጸጥ አለች። ሰውዬው ከሄዱ በኋላ «ሐሳብ የሌለው ሰው መቼም ይተኛል» ተባለላቸው።

በሥራ ዘመናቸው እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ኃላፊነት ያለበት ሰው ነበር። በጀት ሲዘጋ ያመሻል፣ ኦዲተር ሲመጣ ያነጋል። ጡረታ ሲወጡ ማኅተሙን፣ ቁልፉን፣ ጠረጴዛውን በርክክብ ፈርመው አስረከቡ። እንቅልፍ ማጣቱን ግን ማንም አስረክቡ ስላላላቸው ይዘውት ወጡ።

ጎረቤቴን ጋሼን ውሰዱ። በአንድ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ክፍል ኃላፊ ሆነው ኖረው፣ 60 ዓመት ሲሞላቸው እንደ ሕጉ ጡረታ ወጡ። ሰርቪስ እንዳያመልጣቸው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሡ ነበር። ሰርቪሱ ቀረ፤ መነሣቱ አልቀረም፤ እንዲያውም ወደ 9 ሰዓት ፈቀቅ አለ። ተነሥተው ፊታቸውን ይታጠባሉ፣ ይጸልያሉ፣ ከዚያ ሬዲዮ ይከፍታሉ። «ዝቅ አድርጌ ነው» ይላሉ። ዝቅ የሚለው ግን በእሳቸው ጆሮ ነው፤ እኛ ከግድግዳው ወዲህ ሆነን የአየር ትንበያውን ሳይቀር ስለምንሰማ ጃንጥላ ይዘን ነው የምንወጣው። ባለቤታቸው እትዬ አንድ ጊዜ ለእናቴ ሲነግሯት «ሠላሳ ዓመት ለመተኛት ብቻ ነበር ቤት የሚመጣ፤ አሁን ደግሞ ላለመተኛት ቤት ዋለ» አሉ።

እስቲ አንድ የጋሼን ቀን እንከተል። ምሳ ከተነሣ በኋላ ጋዜጣ ይዘው ሶፋው ጥግ ይቀመጣሉ። መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ይወጣል፣ ጋዜጣው ሆዳቸው ላይ ይዘረጋል፣ አገጫቸው ደረታቸውን ይነካል። ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት አካባቢ ቤቱ በኩርፊያ ይሞላል፤ የሚኮራረፍ ባልና ሚስት ማለቴ አይደለም፣ የአፍንጫውን ነው። ሲነቁ «ተኙ እንዴ?» ቢባሉ ይቆጣሉ፤ «ዓይኔን አሳርፌ ነው!»

10 ሰዓት ላይ ቡና ይፈላል። አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም አያልፉም። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ዶይቸ ቬለን እያዳመጡ ራሳቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ይወድቃል። 2 ሰዓት ላይ የቴሌቪዥኑ ዜና ሲጀምር ደግሞ ከነጭራሹ ይሄዳሉ። አንድ የክረምት ማታ እኔም ባለሁበት የልጅ ልጃቸው ኳስ ሊያይ በእግሩ ጣት መጥቶ ሪሞቱን ከእጃቸው ሊያወጣ ሞከረ። ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ተወው፣ እያየሁ ነው» አሉት።

«እሺ፣ ምን እያወራ ነው አባባ?»

ጥቂት አሰቡ። «ስለ ችግኝ ተከላ።»

ልጁ ወደ ስክሪኑ ዞሮ አየ። እውነትም ችግኝ ተከላ ነበር። በክረምት የ2 ሰዓት ዜና እንዲህ ብሎ መሳት ይከብዳል። ሪሞቱን መልሶላቸው ሄደ።

ታዲያ ሂሳቡን እንሥራው፤ ሰውዬው የሂሳብ ሰው ናቸውና። ማታ 3 ሰዓት ሳይሞላ አልጋ ላይ ናቸው፤ የሚነቁት 9 ሰዓት ነው። ለሽንት የሚነሡበት ተቀንሶ አምስት ሰዓት ተኩል እንበል። ከምሳ በኋላ ጋዜጣው ሥር አንድ ሰዓት ተኩል አለ። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ፊት የተቆራረሰው ሲለቀም ግማሽ ሰዓት አያንስም። ድምር፦ ሰባት ሰዓት ተኩል። የአሜሪካው ናሽናል ስሊፕ ፋውንዴሽን በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በቀን ከ7 እስከ 8 ሰዓት እንቅልፍ ይበቃል ይላል። ጋሼ አልጎደለባቸውም ማለት ነው። ይህንኑ ድምር በትሕትና ባቀርብላቸው «የወንበሩ አይቆጠርም» አሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን ሁለት መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ ሲያጋልጡ የኖሩ ሰው፣ ለእንቅልፋቸው ሁለት መዝገብ ከፍተዋል፦ የአልጋው ይመዘገባል፣ የሶፋው ከመዝገብ ውጭ ነው።

የመደቧ ሰዎች በሙሉ በዚህ አይከሰሱም። ሐጂ አሉ። ሱብሂ ሰግደው ተመልሰው ጥቂት ይተኛሉ፤ ከዙህር በፊት ደግሞ ቀይሉላቸውን፣ የቀትር እንቅልፋቸውን፣ ይተኛሉ፤ የነቢዩ ሱና ነው ብለው በይፋ ነው የሚተኙት። ሰው ቢጠይቃቸው «አልሐምዱሊላህ፣ ተኝቻለሁ» ይላሉ። ለዚህም ይመስለኛል በውድድሩ አንድም ቀን አሸንፈው የማያውቁት።

ለጋሼ ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ዕድሜ በእንቅልፍ ላይ የሚያደርገው ነገር አለ። ሰው ሲያረጅ ከባዱ እንቅልፍ፣ ያ ቤት ቢፈርስ የማያሰማው፣ እየሳሳ ይሄዳል፤ ስለዚህ በትንሽ ኮሽታ መንቃት ተፈጥሮ ነው። የሰውነት ሰዓትም ወደ ፊት ይቀድማል፤ ማታ ቶሎ ያስተኛል፣ ሌሊት ቶሎ ያስነሣል። ይህን ሰዓት ከሁሉ በላይ የሚያስተካክለው ብርሃን ነው፤ የጠዋት ብርሃን የበለጠ ያስቀድመዋል፣ የማምሻ ብርሃን ያዘገየዋል። እንግዲህ የኛ ሰዎች ምን ያደርጋሉ? ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ መደብ ላይ ተሰልፈው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ከቀትር በኋላ፣ ፀሐዩ ሊጠቅማቸው ሲል፣ መጋረጃ ዘግተው ሶፋ ላይ «ዓይናቸውን ያሳርፋሉ»። እንቅልፍ ማጣትን የሚያማርሩበት መደብ ራሱ በ9 ሰዓት የሚያስነሣቸው ነው ብትሏቸው ግን መደቡን ትተው እናንተን ነው የሚያባርሩት።

ቡናውንም ማንም አይነካባቸውም። «ቡና ለእኔ ምንም አይለኝም፣ እንዲያውም ያስተኛኛል» የሚል ሰው በየብሎኩ አለ። ነቅተን ስንውል በአንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል፤ ማታ ዓይናችንን የሚያከብደው እሱ ነው። የቀን እንቅልፍ ከዚህ ቀንሶ ይወስዳል፤ ካፌይን ደግሞ የቀረውን ሸፍኖ አንጎል እንዳያየው ያደርጋል። ካፌይን በሰውነት ውስጥ ግማሹ ለመውጣት በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በ10 ሰዓት የተጠጣው የቡና ጉልበት ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ አለ፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይም ሩቡ አልወጣም። ጋሼ ሌሊት የሚነቁት በላይኛው ፎቅ ወንበር ነው ይላሉ። በረካውን የሚጠረጥር የለም።

ሽንቱስ? ሐኪም የደም ግፊት ኪኒን አዞላቸዋል፤ ውሃ የሚያወጣው ዓይነት ነው፤ ፓኬቱ ላይ በእስክሪብቶ «ጠዋት» ተብሎ ተጽፏል። ጋሼ ማታ ነው የሚውጡት። «ማታ ነው የማስታውሰው» ይላሉ። ከአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ጋር ይውጡትና፣ ሌሊቱን ሙሉ በመተላለፊያው ሲመላለሱ ያድራሉ፤ በማግሥቱ ደግሞ ፕሮስቴቱን ያማሉ። ፕሮስቴትም አለ እንበል፤ ያለ ጥፋቱ ግን ባይታማ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ በመደቧ ላይ የሚዞረው ኪኒን ነው። አንዷ እናት በሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ከዚያ «ለአንድ ቀን ልሞክረው» ተብሎ ፍሬው በመሐረብ ጫፍ ተቋጥሮ ከብሎክ ወደ ብሎክ ይጓዛል። ዳያዜፓምና ዘመዶቹ ከአዛውንት ሰውነት ቶሎ አይወጡም፤ ማግሥቱንም ያደናግራሉ፣ ሌሊት ሲነሡም ያንገዳግዳሉ። በዚያ ዕድሜ መውደቅ የዳሌ አጥንት ስብራት ነው። ስኳር መበዳደር ያምርብናል፤ ይህ ግን ይቅር።

እኛስ ጎረቤቶቹ ንጹሕ ነን? በግቢያችን ውሃ በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው የሚደርሰን ደግሞ ሌሊት ነው። የቧንቧውን ድምፅ ቀድመው የሚሰሙት ጋሼ ናቸው። በየበሩ በከዘራቸው እያንኳኩ «ውሃ! ውሃ!» ይላሉ፤ ሁላችንም ዓይናችንን እያሸን ሮቶና ጀሪካን እንሞላለን። አንድ ሰሞን ልጃቸው ዘንድ ሄደው ሲሰነብቱ ብሎኩ በሙሉ ውሃ ሳይቀዳ ቀረ። ስለዚህ ጠዋት «እግዚአብሔር እንቅልፍ ይስጥዎት» ስንላቸው ከልባችን እንዳይመስላችሁ።

ውጭ አገር ያሉት የጡረተኞች ልጆችም የራሳቸው ፈተና አላቸው። እናታቸው የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ ሜሪላንድ ይሄዳሉ። በሰኔ ፀሐይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ድረስ አትጠልቅም፤ «ቀን በቀን እንዴት ይተኛል?» ብለው ቁጭ ይላሉ። በታኅሣሥ ደግሞ 11 ሰዓት ላይ ስለሚጨልም «በሉ እንግዲህ መሸ» ብለው ይከናነባሉ። ከዚያ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅተው አዲስ አበባ ይደውላሉ፤ እዚህ ረፋድ ስለሆነ የሚያወራቸው ሰው ያገኛሉ። አሜሪካ ከሄዱ ወዲህ እንቅልፍ ማጣታቸው ተመችቷቸዋል።

የአገር ቤቱ ስልክ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ጋሼ 9 ሰዓት ነቅተው፣ ጸልየው፣ ሬዲዮ ሰምተው፣ ደረጃውን ጠርገው፣ ገና 11 ሰዓት ነው። የዓለም ሥራ ሁሉ አልቋል፤ ለልጆቻቸው ይደውላሉ። እኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ መሆኑን የማያውቅ የለም። ወንድ ልጃቸው ሲነግረኝ፣ በዚያ ሰዓት «አባዬ» የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ሲያይ ስልኩን ከማንሣቱ በፊት ማን ሊሆን እንደሚችል አክስቶቹን በሙሉ በሐሳቡ ቀብሮ ይጨርሳል። እጁ እየተንቀጠቀጠ «አቤት አባዬ?» ይላል።

«ደህና አደራችሁ? ተኝታችሁ ነበር እንዴ?»

«አዎ አባዬ፤ ምነው? ምን ተፈጠረ?»

«ምንም። እንዲያው ድምፃችሁን ልስማ ብዬ ነው። ተኛ በቃ፣ ተኛ።»

ልጁ አይተኛም። ጋሼ ግን ልጆቻቸው ደህና መሆናቸውን ካረጋገጡ በኋላ መንፈሳቸው ተረጋግቶ እስከ 1 ሰዓት ድረስ ሶፋው ላይ ዓይናቸውን ያሳርፋሉ።

የተከበራችሁ ጡረተኞች፣ ቡናውን ከቀትር በፊት ጠጡት፤ የሽንቱን ኪኒን ሐኪሙ እንዳዘዘው ጠዋት ዋጡት፤ የጎረቤት መድኃኒት አትበደሩ፤ ስታንኮራፉ ትንፋሻችሁ ቀጥ እንደሚል ባለቤታችሁ ከነገሯችሁ ለመደቧ ሳይሆን ለሐኪም ንገሩ። የሶፋውን እንቅልፍ በፈለጋችሁት መዝገብ ያዙት። ልጆቻችሁ ጋ ግን ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት አትደውሉ።