ውዳሴ ከስክስ

ዓለም ባንክ ታክሲ ተራው ጥግ፣ ላስቲክ ወጥረው ጀበና ቡና የሚሸጡ አንዲት ወይዘሮ አሉ። ሰፈሩ በስማቸው አይጠራቸውም፤ «ሃምሳ አለቃ» ነው የሚላቸው። ከረከቦታቸው አጠገብ አንድ አሮጌ የወታደር ከስክስ ተቀምጧል፤ እስከ አፉ አፈር ተሞልቶ ጤና አዳም በቅሎበታል። ደንበኛ «በጤና አዳም» ሲል ሃምሳ አለቃ እጃቸውን ወደ ከስክሱ ሰደድ አድርገው አንዲት ቅጠል ቀንጠስ ያደርጋሉ። እኔ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ለዚህ ጫማ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤ አገር ለታጠቁላት ሴቶች ያላት ፍቅር፣ ጥበብና አርቆ አሳቢነት ተጠቃሎ የገባው በዚህ ቁጥር 43 ከስክስ ውስጥ ነውና። ዛሬም ጫማውንና ጫማውን ያደለውን ሰፊ ልብ ላመሰግን ተነሥቻለሁ።

የሃምሳ አለቃ እግር ቁጥሩ 37 ነው። በ1990 ዓ.ም የባድመ ጦርነት ሲፈነዳ፣ የ19 ዓመት ልጅ ሳሉ ተመዝግበው ማሰልጠኛ ገቡ፤ ከንብረት ክፍሉ የደረሳቸው ግን 43 ነበር። ላይ ላዩን የሚያይ ሰው ይህን ስሕተት ይለው ይሆናል። አስተውሎ ላየው ግን አዳዩ የተመለከተው የዛሬውን እግር ሳይሆን የነገውን ነው፤ «ይህች ልጅ ገና ታድጋለች» ብሎ ተስፋ የጣለ፣ ተስፋውንም በስድስት ቁጥር ለክቶ ያስቀመጠ አባት ነው። በተረፈው ቦታ ሃምሳ አለቃ ቀን ቀን ጨርቅና ጋዜጣ ይጠቀጥቁበት፣ ማታ ማታ ብስኩት ይሸሽጉበት ነበር። ጫማና ጓዳ አንድ ላይ ሰፍቶ ለወታደሩ ያደለ ጦር ከወዴት ይገኛል?

ልግስናው በጫማ አላበቃም። ቀበቶ፣ ኮዳ፣ ብርድ ልብስ፣ ደግሞም ለእያንዳንዱ ምልምል እኩል የተቆጠረ የጢም መላጫ ምላጭ ተሰጣቸው። ሞዴስ በዝርዝሩ ላይ አልነበረም፤ ሊኖርም አይገባም፤ ለወንዱ ያልተሰጠ ለሴቷ ቢሰጥ አድልዎ ይሆናልና። እኩልነት ማለት እንዲህ ነው፦ ጢም ላለውም ለሌላትም ምላጭ፣ ሞዴስ ለማያስፈልገውም ለሚያስፈልጋትም ባዶ እጅ። ሃምሳ አለቃ ምላጩን እስከ ዛሬ አልረሱትም። «ቀሚስ ቀድጄ ሞዴስ የምሠራበት እሱ ነበር» ይላሉ፤ ታዲያ አዳዩ ይህንንም አስቀድሞ ሳያስብ ቀርቶ ነው?

ይህ ጥበብ የእኛ ብቻ ነው ብዬ አልመጻደቅም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሶቪየት ኅብረት 588ኛው የተባለ፣ በሴቶች ብቻ የሚበር የሌሊት ቦምብ ጣይ ሬጅመንት ነበራት፤ ጀርመኖች «የሌሊት ጠንቋዮች» ያሏቸው እነዚህ ናቸው። እነርሱም የወንድ ቦት ጫማ ተሰጥቷቸው፣ ጨርቅ ጠቅጥቀው፣ ከኮምፔርሳቶና ከሸራ በተሠራች አውሮፕላን ከ23,000 በላይ በረራ አደረጉ። በ1945 እ.ኤ.አ. ድሉ በሞስኮ ቀይ አደባባይ በሰልፍ ሲከበር ግን «አውሮፕላኖቻችሁ ይዘገያሉ» ተባሉና ቀሩ። ጠላት ዘንድ ለመድረስ ያልዘገየችው አውሮፕላን ጭብጨባው ዘንድ ስትደርስ እንደምትዘገይ ያወቀው የሰልፍ አዘጋጅ፣ ሥነ ሥርዓት ለሚወድ ሰው ሁሉ አርአያ ነው።

እኛ ከሶቪየቶቹ የምንበልጠው በአንድ ነገር ነው፤ ማዕረግ አንሰስትም። ሃምሳ አለቃ ቁስለኛ ጓዳቸውን ተሸክመው ከምሽግ ባወጡ ዕለት መላው መቶ በአንድ ድምፅ «ወንድ ናት!» አለ። ኮሚቴ የማያሻው፣ በጀት የማይነካ፣ ደመወዝ የማይጨምር፣ ትከሻ ላይ ኮከብ የማይጠይቅ፣ እዚያው በዚያው የሚሰጥ ሹመት ነው። ወንዱ ሲፈራ ደግሞ «ሴት!» እንለዋለን። እንዲህ አድርገን ጀግንነትንና ፍርሃትን በየቤታቸው አስገብተን ስለ ቆለፍን፣ አንዲት ሴት ሴት እንደ ሆነች ጀግና ሆና ታደናግረን ይሆን የሚል ሥጋት የለብንም። ይህን ያህል ሰላም የሰጠን ቋንቋ ምስጋና ይገባዋል።

መንገዱን የጠረጉልን አባቶች ናቸው፤ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ብለው። እቴጌ ጣይቱ ብጡልን ተመልከቱ። በ1888 ዓ.ም ጣልያን መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ መሽጎ አልወጣም ባለ ጊዜ፣ ውኃው ይያዝበት የሚለው መላ የእርሳቸው ነበር፤ መድፍ ያልቻለውን ጥም ቻለና ጣልያን ጥር ላይ ምሽጉን ለቀቀ። የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይም የራሳቸውን ጦር ይዘው ተሰልፈዋል። ስንቅ የፈጩት፣ ውኃ ያመላለሱት፣ ቁስለኛ ያነሡት ሴቶች ስማቸው ባይመዘገብ ትሕትናቸው እንዳይጎዳ ታስቦ ነው። የእቴጌይቱ ውለታ ግን አልተረሳም፤ በ1902 ዓ.ም መኳንንቱ መክረው ከመንግሥት ሥራ አሳረፏቸውና የታመሙ ባለቤታቸውን እንዲያስታምሙ መደቧቸው። ምሽግ በጥም ላስለቀቀ የጦር መሪ ከዚህ የተስማማ ምደባ ሊገኝ አይችልም፤ ጽዋ ማቀበልም የውኃ ሥራ ነውና። አጼ ምኒልክ ካረፉ በኋላም እንጦጦ ላይ በጸሎት እንዲቆዩ ተደረገ፤ በ1910 ዓ.ም እስኪያርፉ ድረስ የመንግሥት ጣጣ አላስቸገራቸውም።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡትም ከምስጋናው ተካፍለዋል። በጣልያን ወረራ ዘመን ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ተይዘው እስከ አዚናራ ደሴት ተጋዙ፤ ተመልሰውም ታገሉ። ከበደች ሥዩም ባለቤታቸው አበራ ካሣ ከተገደሉ በኋላ ጦር መሩ። በ1983 ዓ.ም አዲስ አበባ ከገባው የሕወሓት ታጋይ ሲሶ ያህሉ ሴት ነበር። ሲሶውን ያረሱት እነዚህ ናቸው፤ በአውድማው ላይ የሲሶ ሒሳብ ያነሣ ግን አልነበረም፤ ከአገር ጋር ሒሳብ መተሳሰብ ለጨዋ ሴት ነውር ነውና።

ሕጉም ቢሆን አልዘነጋቸውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 87 የመከላከያ ሠራዊቱ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ሚዛናዊ ተዋጽኦ እንዲኖረው ያዝዛል። በዚያ አንቀጽ ሴቶችን ለይቶ አልጠራም፤ በየብሔሩ ውስጥ ፈልገን እንደማናጣቸው ተማምኖብን ነው። በጥቅምት 2011 ዓ.ም ደግሞ ኢንጂነር አይሻ መሐመድ የመጀመሪያዋ ሴት የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ፤ ከሚኒስትሮቹም ግማሹ ሴቶች ነበሩ፤ ዓለም አጨበጨበ። በሚያዝያ ወደ ሌላ ሚኒስቴር ተዛወሩ፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ያንኑ ወንበር ያዙ፤ ለአንድ ወንበር ሁለት ጊዜ ያጨበጨብን ሕዝብ ነን። ያኔ የመጀመሪያው ሹመት በሬዲዮ ሲነገር ሃምሳ አለቃ ጀበናቸውን አውርደው «እሰይ! እሰይ!» አሉ። ቀጥለውም «ልጄ፣ የእሳቸው እግር ስንት ቁጥር ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ከአድናቆት የመነጨ መሆኑን አልተጠራጠርኩም።

አሁን ወደ ሰፈራችን ስም እንምጣ። ዓለም ባንክ ዓለም ባንክ የተባለው ባንኩ ገንዘብ ባወጣበት የቤቶች ፕሮጀክት ነው። ወያላው ከጦር ኃይሎች ጀምሮ በአየር ጤና በኩል «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» እያለ ሲጠራው ይውላል፤ ባንኩ ግን ወጥቶ «አቤት» ሲል እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ሆኖም ከሃምሳ አለቃ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ጦርነቱን የቋጨው የአልጀርስ ስምምነት የተፈረመው በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም ነው፤ በዚያው ሰሞን ባንኩ ወደ 150,000 የሚጠጉ ተመላሽ ወታደሮችን ለማቋቋም ወደ 170 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። በዚያው ዓመት ጥቅምትም የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 1325ን አጽድቆ፣ ተዋጊዎች ሲሰናበቱ የሴቷና የወንዱ ፍላጎት ልዩ ልዩ መሆኑ ይታሰብበት ብሎ ነበር።

ታሰበበትም። ሃምሳ አለቃ መሸኛቸውን ይዘው ስሙን የማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ሲቆሙ የተሰጣቸው ቅጽ «የሚስት ስም» የሚል ባዶ ቦታ ነበረው። «የለኝም» ብለው ጻፉ። ጸሐፊው ቅጹን ተቀብሎ፣ አንብቦ፣ አዝኖላቸው፣ በቀይ እስክሪብቶ «ላጤ» ብሎ አስተካከለው። መንግሥታት በኒው ዮርክ የመከሩበት ነገር እንዲህ በአንዲት ቃል የተፈጸመበትን መስኮት ባገኘው እስመው ነበር።

ከዚያ ሥራ ፍለጋ ሆነ። በየማስታወቂያ ሰሌዳው ለጥበቃ ሠራተኛ የሚወጣው መስፈርት ለእርሳቸው የተሰፋ ይመስል ነበር፤ «የቀድሞ ሠራዊት አባል፤ የጦር መሣሪያ አያያዝ የሚያውቅ፤ ተያዥ ማቅረብ የሚችል»። በመጨረሻው መስመር «ጾታ፦ ወንድ» ይላል። ሃምሳ አለቃ በምሽግ ወንድ መባላቸውን ለማስረዳት ሞከሩ፤ ተቀባዩ ግን ያ ማዕረግ የሚያገለግለው በጦር ሜዳ ብቻ መሆኑን በትሕትና ገለጸላቸው። ጎረቤቱም በፊናው ተጨነቀላቸው። «ክላሽ የያዘ እጅ ሊጥ አያቦካም» ብሎ ከጋብቻ ጣጣ አሳረፋቸው፤ ከአማት ያዳናቸውን ደግ ጎረቤት ቆጥሬ አልዘልቀውም።

በምስጋና በኩል ግን አልተጓደለባቸውም። ዓድዋ በተከበረ በስድስተኛው ቀን፣ የካቲት 29፣ ማርች 8 ይውላል። አምና አንድ መሥሪያ ቤት በክብር እንግድነት ጠራቸው። መድረኩ ላይ ሰባት ወንበር፣ በሰባቱ ወንበር ሰባት ወንዶች ተቀምጠው «የጀግኒት ሚና በአገር ግንባታ» በሚል ርዕስ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ አንዳቸው ሌላቸውን ሳያቋርጡ፣ እንባ እየተናነቃቸው ስለ ሴት ልጅ ተናገሩ። ቡና አፍይዋ በዚያ ቀን ሳትመጣ በመቅረቷ አዳራሹ ጥቂት ታወከ፤ ግን ጀግና በችግር ቀን ነው የሚታወቀውና ሃምሳ አለቃ ከእንግድነት ወንበራቸው ተነሥተው ለስልሳ ሰው አፈሉ። ጭብጨባው ጣሪያ ሰነጠቀ። አንድ ፔርሙስና በፍሬም የተቀመጠ የምስክር ወረቀት ተሸለሙ። የምስክር ወረቀቱ ዛሬ በላስቲኩ ሥር ስኒዎቹን ከመንገዱ አቧራ ይከልላል፤ የእኔ ግን ግድግዳ ላይ ሥራ ፈትቶ ተሰቅሏል።

ይህ ሁሉ ልምድ ለመጪው እንደሚተርፍ አልጠራጠርም። በ2015 ዓ.ም የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ወደ ሰላማዊ ኑሮ የሚመለሱ የቀድሞ ተዋጊዎችን ቁጥር 371,971 ብሎ አስታወቀ። እስከ መጨረሻዋ አንድ ነፍስ የቆጠረ አገር የጫማ ቁጥር ይስታል የሚል ካለ፣ ካለፈው ሳምንት የዓይን ምስክርነት ላቅርብለት።

ከጦር ኃይሎች የመጣ ታክሲ ቆመና አንዲት ወጣት በክራንች ወረደች። ላስቲኩ ሥር ገብታ ዱካ ላይ ተቀመጠች። ሃምሳ አለቃ ፊቷን ሳይሆን እግሯን አዩ።

«መቼ ገባሽ?»

«በ2014።»

«ስንት ቁጥር ሰጡሽ?»

«አርባ ሁለት።»

ሃምሳ አለቃ ጀበናውን ጋደም አድርገው ጥቂት ዝም አሉ።

«ተሻሽሏል» አሉ።

ደስታዬን መቋቋም አቃተኝ። በ24 ዓመት አንድ ሙሉ ቁጥር! አገር በዚህ ግስጋሴዋ ከቀጠለች 37 ላይ ለመድረስ የሚቀራት 120 ዓመት ብቻ ነው። ከዱካዬ ተነሥቼ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ለሁለቱም ጀግኒቶች የሚገባውን ንግግር ጀመርኩ። ስለ ጽናታቸው፣ ስለ እናትነታቸው፣ አገር ስለማትከፍለው ዕዳ ገና ማተት እንደ ጀመርኩ ሃምሳ አለቃ ከከስክሱ አንዲት ጤና አዳም ቀንጥሰው ወደ ልጅቷ ስኒ ጣሉና እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«ልጄ፣ የሁለት ቡና አርባ ብር።»

የልጅቷን አልተቀበሏትም።